ድራማ የሚመረምሩት ጋሽ እናጣራ

ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ አንድ ተጠራጣሪ አይጠፋም። ሙሽሮች ሲሳሳሙ “ከልባቸው ነው?” የሚል፣ ዝናብ ሲጥል ጣሪያ ላይ ወጥቶ ውሃ የሚያፈሰውን ሰው የሚፈልግ። የእኛው ግን የተጠራጣሪዎች ሁሉ አለቃ፣ ክቡር ጋሽ እናጣራ ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን በመድን ድርጅት የጉዳት መርማሪ ነበሩ። ሱቅ ተቃጠለ ሲባሉ መጀመሪያ የሚያደርጉት ባለቤቱን ማጽናናት ሳይሆን ክብሪቱን መፈለግ ነበር።

ጡረታ ወጥተው የሚመረምሩት ሲያጡ ቤተሰቡን መመርመር ጀመሩ። የወንድማቸው ሚስት ፋርማሲስቷ መላ ዘየደች፤ እኔና እሷ ወደምንመራው የቴሌግራም ቡድን አስገባቻቸው። አንድ የነገሥታት ዘመን ተከታታይ ድራማ የምንወድ ሰዎች ነን። ወሬያችን ማን ማንን ያገባል፣ የመሪ ተዋናዩስ ቅንድብ እንዴት ያምራል ነበር።

ከገቡ በኋላ ባየነው የመጀመሪያ ክፍል መልእክተኛው ንጉሡን “አምስት ደቂቃ ይታገሡኝ” አለ።

“ያኔ ደቂቃ ነበር?” ብለው ጻፉ።

“ጋሼ፣ ድራማ እኮ ነው። ዝም ብለው ይዩ” አለቻቸው ፋርማሲስቷ።

“እያየሁ ነው። ግን እናጣራለን።”

አፋቸውን ለማስያዝ አንዷ መዝገበ ቃላት ገልጣ ደቂቅ በግዕዝ ልጆች ማለት እንደሆነ አመጣች። እንግዲህ ንጉሡ የሚጠብቁት አምስት ልጆች ነበር ብለን ሳቅን። እሳቸው አልሳቁም። “ታዲያ ጊዜን በምን ይለኩ ነበር?”

አንዱ ስለ ጥላ አንብቦ መጣ። “ደመና ሲሆንስ?” አሉት። ሌላው ለዚያ መልስ ፍለጋ ቤተ መጻሕፍት ገባ። እንዲህ እንዲህ እያለ ወሬው ንግግር፣ ንግግሩ ጥናት ሆነና የታሪክ ጉባኤ በኢንተርኔት ጠራን። የተዋናዩን ቅንድብ የሚያነሳ ጠፋ። ጋሽ እናጣራ ጉባኤውንም ተጠራጠሩት። “መግቢያው ነጻ ነው አላችሁ። ማን ሊጠቀም?”

የክብር እንግዳችን አንዲት ስመ ጥር የታሪክ ፕሮፌሰር ነበሩ። ፋርማሲስቷ ጨነቃት።

“ጋሼ እንደ ሱቅ ቃጠሎ ከመረመሯቸው ጥለውን ይሄዳሉ። ሁለተኛ የሚመጣልን ምሁር የለም” አለችኝና የጋሼን ማይክ ዘጋች።

ፕሮፌሰሯ ንግግራቸውን ጨርሰው “ጥያቄ ያለው?” አሉ። የአበባና የጭብጨባ ምስል ዘነበ። “ግሩም ነው!” “ዕድሜ ይስጥልን!” የፕሮፌሰሯ ፊት ጠየም አለ።

“የሚጠይቅ ከሌለ የሰማኝም የለም ማለት ነው” አሉ ቀስ ብለው።

ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ በየሴሚናሩ እጁን የሚያወጣ ጓደኛ ነበረኝ። በጥያቄው እንደሰለቸን ተመረቅን፤ ከዚያ ወዲህ እንደሱ ከልቡ የሚሰማኝ ሰው አላገኘሁም።

ፋርማሲስቷን ሳላስፈቅድ ማይኩን ከፈትኩት።

ጋሽ እናጣራ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። “ፕሮፌሰር፣ ብዙ ጥያቄ አለኝ። ከዚያ በፊት ግን ማይኬን የዘጋው ማነው? እሱስ ይሁን፤ የከፈተልኝ ሰውዬ ምን ፈልጎ ነው?”

ፕሮፌሰሯ ሳቅ ብለው እስክሪብቶ አነሱ። እኔ ምን እንደፈለግሁ መናገር አፈርኩ።