የክብርት ማንጠግቦሽ ግማሽ ኪኒን

በየግቢው ሐኪም ያልሆነ አንድ ሐኪም አለ። መንግሥት አይሾመውም፣ አይሽረውምም። በሰማንያዎቹ አሶሳ የአዲሱ ክልል ዋና ከተማ ስትሆን እኔም ለአዲስ ቢሮ ተመደብኩ። በተከራየሁበት ግቢ ይህን ሥልጣን የያዙት ክብርት ዶክተር ማንጠግቦሽ ነበሩ፤ ከወሎ በሠፈራ የመጡ ጨው ቸርቻሪ።

ክብርትነታቸው የተረፈ ኪኒን በወተት ጣሳ ያጠራቅማሉ። ለጥርስም ለዓይንም ከዚያው ነው። "አብሽር! ግማሹን ዋጥ፣ ግማሹን ለሰው አስተርፍ" ይላሉ። የጎረቤታችን የአባ ኡመር ጉሮሮ፣ ልጃቸው ዐዋጢፍ ከተቅማጧ ባስተረፈችው ኪኒን ዳነ ተብሎ ሳምንት ተወርቷል። እንዴት እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

አንድ ቀን ለአጥር ቀርከሃ ስሰነጥቅ እግሬን ቆረጠኝ። ክብርትነታቸው እንክብል ከፍተው ዱቄቱን ነሰነሱበት። በአምስተኛው ቀን እግሬ አብጦ ጫማ እምቢ አለ። ደግፈውኝ ጤና ጣቢያ ሄድን።

"ትንሽ ብትቆይ እግርህን ታጣ ነበር" አለኝ ነርስ ረጋሳ። "ቁስሉን ያመረቀዘው ተሕዋስ ያንን የተነሰነሰበትን መድኃኒት ሳይለምደው አልቀረም።"

"ዕድሜዬን ውጬው የማላውቀውን መቼ ለመደው?"

"ከሌላ ተሕዋስ ወስዶ ይሆናላ። መድኃኒቱን የሚቋቋሙበት ዘረ መል አላቸው፤ አንዱ ለአንዱ ቀድቶ ይሰጣል።"

"ዘመዱ ነው?"

"ኧረ ምኑም አይደለም! የሆድ ተሕዋስ ለቁስል ተሕዋስ ሊሰጥ ይችላል። መድኃኒት በግማሽ ስታቋርጡ ደግሞ የሚተርፈው ያ የተቋቋመው ነው።"

ግራ ገባኝ። ሳይጋቡ፣ ሳይዋለዱ ዘር ይሰጣጣሉ? ደግሞ አስረዳኝ፤ ደግሞ ግራ ገባኝ። ክብርትነታቸው ግን ፊታቸው ጠቆረ።

"ጎረቤት ናቸዋ" አሉ ቀስ ብለው። "እንደኔ።"

ረጋሳ ሌላ መድኃኒት ለአሥር ቀን ሰጠኝ። ክብርትነታቸው ጠዋት ማታ በራፌ ላይ ቆመው "ዋጥ!" ይሉኛል። በስድስተኛው ቀን እብጠቱ ጠፍቶ "በቃኝ" ብላቸው፣ "አፍህን ክፈት!" ብለው ጮኹብኝ። አባ ኡመር መጥተው "ማንጠግቦሽ፣ እግሬ ያመኛል፤ ወላሂ፣ ሁለት ብቻ ስጪኝ" ሲሏቸው፣ እኔ ሳውቃቸው ለመጀመሪያ ጊዜ "የለኝም" አሉ። ከዚያ እጃቸውን ይዘው ጤና ጣቢያ ወሰዷቸው።

በአሥረኛው ቀን የመጨረሻዋን ዋጥኩ። ክብርትነታቸው የኪኒኑን ፖስታ ገልብጠው አራገፉት፤ ምንም አልወጣም። እንግዳ መጥቶበት የሚያቀርበው ያጣ ሰው መሰሉ። አንጀቴን በሉት። ለካስ ወድጃቸዋለሁ።

"እትዬ ማንጠግቦሽ፣ ትንሽ ሽንኩርት ይኖርዎት ይሆን?" አልኳቸው።

ፊታቸው በራ። "አብሽር!" ብለው ወደ ቤታቸው ሮጡ። እኔም ሽንኩርት የሞላውን ዘንቢሌን በዳነው እግሬ ገፍቼ አልጋ ሥር ደበቅኩት።