የክት ሞተር

በየሰፈሩ፣ ፋብሪካ የሠራውን ነገር እንደተሠራ መተው የማይችል አንድ ሰው አለ። እግዜር ለእያንዳንዱ ቀበሌ አንድ አንድ አድሏል። ሁለት የደረሰው ሰፈር ካለ አዝንለታለሁ፤ እኛ በአንዱ ብቻ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ በኮሬንቲ ስንነዘር፣ በውሃ ስንጥለቀለቅ ኖረናል። እንዲህ ያለ ሰው አዲስ ጃንጥላ ይዛችሁ ቢያይ "ስንት ገዛኸው?" አይልም። ከእጃችሁ ይቀበላል፣ ይከፍታል፣ ይዘጋል፣ ከዚያም ክፉ የኤክስሬይ ውጤት እንዳየ ሐኪም ራሱን ይነቀንቃል። ጃንጥላው ከዚያ ቀን ጀምሮ የእናንተ አይደለም።

የእኛው ክቡር ኢንጂነር ሙደሲር ይባላሉ። ፊት ለፊት አንተ ነው የምላቸው፤ የሚበልጡኝ በሁለት ዓመት ብቻ ነው። ሰፈሩ "ኢንጂነር" ብሎ ሲሾማቸው ግን ሹመቱ ጎደሎ ሆኖ ስለታየኝ ክቡርን ከአንቱታ ጋር ጨመርኩበት። ትምህርታቸው አሥረኛ ክፍል ላይ ቆሟል። እሱንም "መጽሐፉ ላይ ስሕተት ስላገኘሁ ነው" ይላሉ። አብነት ውስጥ፣ ሦስተኛ ሰው ሲገባባት አንዱ መውጣት ያለበት የቆርቆሮ ክፍል ነበረቻቸው፤ የሚሠሩት እዚያ ነው። ከኋላዋ ቤታቸው፣ ቤታቸው ውስጥ ባለቤታቸው ሙፊዳ። እኔ የምኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከእሳቸው የሥራ ውጤት ለማምለጥ ግን አራት ፎቅ አይበቃም።

ለሁሉም ነገር ያላቸው ምርመራ አንድ ነው፦ "ፋብሪካው ፈርቶ ነው።" የብሎካችን የውሃ ፓምፕ ውሃውን አምስተኛ ፎቅ አላደርስ ሲል ተጠሩ። አዩት። "ፋብሪካው ፈርቶ ጉልበቱን አፍኖበት ነው" አሉና ፈትተው ገጠሙት። ውሃው አምስተኛ ፎቅ ደረሰ። ሁለተኛ ፎቅም ደረሰ፣ በግድግዳው በኩል። የምድር ቤቷ ወይዘሮ ወለተሰንበት የበርበሬ መፍጫቸው ደከመባቸው፤ ክቡርነታቸው የልብስ ማጠቢያ ሞተር ገጠሙላቸው። መፍጫው በአንድ ደቂቃ ግማሽ ኪሎ ፈጨ፣ ከዚያም ክዳኑን አሽቀንጥሮ በርበሬውን ለመላው ደረጃ አከፋፈለ። ሁላችንም እንባችንን እየጠረግን ስንወጣ ስንገባ ያየ አንድ መንገደኛ "ማን ሞተባችሁ?" ብሎ ጠይቋል። ወይዘሮ ወለተሰንበት ከዚያ ቀን ወዲህ "ያ ሰውዬ በደጄ እንዳያልፍ" ይላሉ። መፍጫውን ግን ለሌላ ሰው አላስነኩትም።

የሁሉም ቁንጮ ሞተር ሳይክላቸው ናት። ስትገዛ መቶ ሲሲ ነበረች፤ ቀጭን፣ ጨዋ፣ አንድ ሰው ብቻውን፣ ሜዳ ላይ፣ ምሳ ሳይበላ ቢቀመጥባት በደንብ የምትሄድ። ሙፊዳን አፈናጠው ከአብነት ወደ ተክለ ሃይማኖት ሲወጡ ግን ዳገቱ ግማሽ ላይ ትቆማለች። ሙፊዳ ትወርድና በእግሯ ትሄዳለች። በእግሯ ሄዳም ቀድማ ትደርሳለች። አንድ ቀን ሽንኩርቷን ገዝታ፣ ቆማ ስትጠብቃቸው ቆይታ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ "ሙደሲር፣ አንተም በእግርህ ብትመጣ እኮ እያወራን እንመጣ ነበር" አለቻቸው። ክቡርነታቸው ያን ቀን እህል አልቀመሱም።

በሳምንቱ ሁለት መቶ ሲሲ ሞተር አመጡ። ከተጋጨ ሞተር ሳይክል ላይ የተፈታ ነው፤ ወረቀት የለውም። "አምሃ፣ እስቲ ያዝልኝ" አሉኝ። ያዝኩ፤ ወገቤ እስከ ዛሬ አልረሳውም። ከብሎን ቀዳዳዎቹ አንዱም አልገጠመም። ሻንሲውን ቆረጡ፣ በየዱ፣ የነዳጅ ታንከሩን ከፍ አደረጉ፣ ሰንሰለቱ ስለጠመመ የኋላ ጎማውን ወደ ጎን ገፉት።

"ፍሬኑስ?" አልኩ።

"ፍሬኑ ምን ሆነ?"

"የመቶ ሲሲ ፍሬን ነዋ። ይሄን ሁሉ ጉልበት ያቆማል?"

"ገና ሳትሄድ ስለ መቆሟ ታወራለህ። አንተ ጨለምተኛ ነህ" አሉኝ።

ሙፊዳ "ቢስሚላህ" ብላ ተፈናጠጠች። ዳገቱን ወጡት። ወጥተውም አላበቁም፤ ሽንኩርት መሸጫውን አለፉት፣ ሰላም ያሏቸውን ሰዎች አለፏቸው፣ የቆሙት አንድ የጎመን ጋሪ ውስጥ ነው። ከጎመኑ በቀር የተጎዳ የለም። ሙፊዳ ከቅጠሉ መሃል ተነሥታ ሻሿን አስተካከለችና "ዛሬስ አብረን ደረስን" አለች። ክቡርነታቸው በዚያች ቃል ሁለት ክንድ ያህል ረዝመው ቀሩ።

ጣጣው የመጣው ቦሎ ሊያልቅ ሲል ነው። ሊብሬው ላይ የሻንሲ ቁጥርም የሞተር ቁጥርም ተጽፏል። በዓመታዊው ምርመራ መርማሪው በባትሪ እያበራ ሁለቱን ያስተያያል። ካልገጠመ ቦሎ አይሰጥም፤ ቦሎ የሌለው መንገድ ላይ አይወጣም። ወረቀት የሌለውን ሞተር ደግሞ ሊብሬ ላይ የሚጽፍ የለም። ሌላ ሰው ቢሆን ትልቁን ሞተር ሸጦ ይገላገል ነበር። ኢንጂነራችን ግን እናቶቻችን ለልብስ ያወጡትን ሕግ ለሞተር አወጡለት፦ ትልቁ የዘወትር ሆነ፣ ትንሿ የክት።

ትንሿ ሞተር ዓመቱን ሙሉ በሙፊዳ ፎጣ ተጠቅልላ አልጋ ሥር ትተኛለች። የምርመራው ዕለት በጠዋት ትወጣለች፣ ትወለወላለች፣ ትልቁ ይወርድና እሷ ትገጠማለች። ሙፊዳ ቁጥሩን ከሊብሬው ላይ ጮክ ብላ ታነባለች፤ እሳቸው ሞተሯ ላይ በጣታቸው እየዳበሱ "እሺ… እሺ…" ይላሉ። ከዚያ ሙሽራ እንደጫነ ሰው ቀስ ብለው ይነዳሉ። አንድ ዓመት መርማሪው ሌሎቹን ባለሞተሮች ሰብስቦ "ኑ እዩ! የአሥር ዓመት ሞተር ነው፣ አንድ ጠብታ ዘይት አያፈስም። አያያዝ ማለት ይሄ ነው!" አላቸው። በዓመት አሥራ አንድ ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሞተር ምን ሆኖ ያፈሳል! ክቡርነታቸው አንገታቸውን ደፍተው "ከአላህ ነው" አሉ። ከሰዓት በኋላ ትንሿ ወደ ፎጣዋ ተመለሰች።

"ይሄ ማጭበርበር አይደለም?" አልኳቸው።

"ሞተሯ የማን ናት?"

"ያንተ።"

"ቁጥሯ ተፍቋል?"

"አልተፋቀም።"

"ታዲያ ሰው ለበዓል ደህና ልብሱን ቢለብስ ማንን አጭበረበረ?"

ከእሳቸው ጋር ስንከራከር የኖርነውን ሁሉ የተሸነፍኩት እንዲህ ነው።

ካቻምና አብነት ያለው የእነሱ መደዳ ለልማት ተነሣ። የቆርቆሮዋ ክፍል በአንድ ጠዋት ሜዳ ሆነች። ምትክ ቤታቸው ከከተማው ጫፍ፣ አምስተኛ ፎቅ ላይ ደረሳቸው። ቤቱ መልካም ቤት ነው፤ ውሃ አለው፣ መስኮቱ ሰፊ ነው። ግን የሁሉም ሰው ዕቃ አዲስ፣ የሁሉም በር ዝግ ነው። "አንድ ሰው እንኳ ብሎን ቸገረኝ ብሎ በሬን አላንኳኳም" አለኝ ሙደሲር። ድምፁ እንደዚያ ሲሆን ሰምቼው አላውቅም።

አንቱታውን እዚህ ላይ ትቼዋለሁ። ለቀልድ ነበር።

እናም በየቀኑ ወደ ልደታ መምጣት ጀመረ። ጎሚስታው ቤካ ከጎማዎቹ አጠገብ አንድ ጥግ ሰጠው፣ የድሮ ደንበኞቹ እዚያ ያገኙታል። መምጫው ሃያ ስምንት ኪሎ ሜትር ነው፣ መመለሻውም ያው። መቶ ሲሲዋ ብትሆን ሳምንት አትቆይም ነበር። ያ የሳቅንበት ትልቅ ሞተር ነው ሰውየውን ከሰፈሩ ጋር ያቆየው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ የተሰነጠቀው ማርሚታ ከሩቅ ሲንጫጫ ባለቤቴ ሰብለወንጌል "መጣልህ ሰውዬህ" ትላለች፤ እኔም ሻዬን ጨርሼ እነሣለሁ።

ትንሿን ሞተር ለእኔ ሰጠኝ። አምስት ፎቅ ተሸክሟት መውጣት አቅቶታል፣ መመርመሪያውም ለእኛ ይቀርባል። ሰብለወንጌል ለቅሶ ሄዳ ሳለች አስገብተን፣ በረንዳው ላይ ከተቃጠለው የፍሪጃችን ኮምፕሬሰር ጎን አስቀመጥናት። ለሚስቴ አልነገርኳትም፤ ሌላ የማይረባ ብረት አስገባህ እንዳትለኝ ብዬ። "አደራህን" አለኝ ሙደሲር። "እሷ ከጠፋች ቦሎ የለም፣ ቦሎ ከሌለ እኔም እዚህ የለሁም።"

ጥር ላይ፣ መሥሪያ ቤት ስብሰባ ላይ ሳለሁ ሰብለወንጌል ደወለች። "ቁራሌው በር ላይ ነው። በረንዳው ላይ ያለው ብረት ይሂድ?" ስለ ኮምፕሬሰሩ ስትነዘንዘኝ ስድስት ወር ሆኗታል። በዓይኔ የመጣው እሱ ብቻ ነው።

"ይሂድ" አልኩ።

ስልኩን ዘግቼ ስለ ወረቀትና እስክሪብቶ ግዢ መወያየቴን ቀጠልኩ። ማታ ስገባ በረንዳው ተጠርጓል። ቁራሌው ፎጣውን አልፈለገውም፤ ሰብለወንጌል አጥባ አስጥታዋለች። ፎጣውን ሳይ ትንሿ ሞተርም አብራ መሄዷ ገባኝ።

ሦስት ቀን ምናለሽ ተራን ዞርኩ። ጂራታ የሚባል ብረት ነጋዴ አዝኖልኝ አብሮኝ ሁለት ቀን ፈለገ። በመጨረሻ "ወንድሜ፣ አሉሚኒየም እዚህ አይሰነብትም። ወደ ማቅለጫ ነው የሚሄደው። እስካሁን ድስት ሆኗል" አለኝ። በአንዱ ቤት ወጥ እየተሠራባት ይሆናል እንግዲህ።

ሙደሲርን ቤካ ጋ አገኘሁት፤ ካርቡራቶር ቤንዚን ውስጥ እያጠበ ነበር። ነገርኩት። እጁን እንደነከረ ቀረ።

"ቁጥሯ ያለበት በኩልም?" አለኝ።

"ሁሉም።"

"አብሽር" አለኝ። እኔን ማጽናናቱ ነው። ቢሰድበኝ በስንት ጣዕሙ!

ያለ የሌለውን ዘዴ አሰብኩ። ወረቀት ያለው ሞተር ልግዛልህ ስለው፣ ሙፊዳ በሰው ገንዘብ አትፈናጠጥም ብሎ እምቢ አለኝ። ትልቁ ሞተር ላይ የትንሿን ቁጥር የሚመታ ሰው አለ ሲባል ሰምቼ ያንንም ነገርኩት። ቀና ብሎ አየኝ። "አምሃ፣ የክት መልበስ ሌላ ነው፣ የሌላ ሰው ስም መልበስ ሌላ። ይሄ ሐራም ነው።" አፈርኩ።

መጋቢት ላይ ቦሎው አለቀ። ሞተር ሳይክሏ ከአዲሱ ቤታቸው ደረጃ ሥር ሸራ ለብሳ ቆመች። ሰው በሁለት ታክሲና በአንድ አውቶቡስ ሊመጣ ይችላል፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጃል፤ በየቀኑ ግን አይሞከርም። ደንበኞቹ ሌላ ሰው ለመዱ። ቤካም ጥጉን ለጎማ ፈለገው፤ አልፈርድበትም። ሰፈሩ ፋብሪካ እንደሠራው ሆኖ መኖር ጀመረ። ፓምፑ ዝም ብሎ ይሠራል፣ ማንም አይነዘርም፣ በርበሬ ከመፍጫው አይወጣም። እንዲህ የሚያስጠላ ሰላም ገጥሞኝ አያውቅም። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሻዬ ይቀዘቅዛል። አሥራ አራት ዓመት ስሸሸው የኖርኩት ሰው ናፈቀኝ፤ ያራቅሁትም እኔው ነኝ።

አንድ ቀን ደወልኩለት። "ፍሪጁ እምቢ አለ" አልኩት። ሐሙስ መጣ። አንድ ሽቦ ቀጠለ፣ ሽሮ በላን፤ እኛ ጋ ሥጋ እንደማይበላ ሰብለወንጌል ታውቃለች። ለሙፊዳ ድርቆሽ ቋጥራ ሰጠችው። በሚቀጥለው ሐሙስ የመታጠቢያው ቧንቧ ተበላሸ። ቀጥሎ የበሩ ቁልፍ። ቀጥሎ ቴሌቪዥኑ። ከፋሲካ ወዲህ እኛ ቤት ያልተበላሸ ነገር የለም። ወይዘሮ ወለተሰንበት እንኳ ወሬውን ሰምተው "የኔም መፍጫ ድምፁ አላማረኝም፣ ሲመጣ በዚህ ይለፍ" ብለው ላኩብኝ።

ያለፈው ሐሙስ ተራው የካውያው ነበር። ሙደሲር ገለበጠውና ብሎኖቹን ፈታ፤ ውስጡ አንድ ሽቦ ከቦታው ወልቋል። ሽቦውን አልነካውም። ብሎኖቹን መዳፉ ላይ አድርጎ ወደ መስኮቱ ተጠጋ፣ እያገላበጠ ያያቸው ጀመር። ካቻቢቴ መያዝ የማያውቅ ሰው የፈታው ብሎን ጭንቅላቱ ይፋቃል፤ አዲስ የተፋቀ ብረት ደግሞ ያበራል። እኔ ግድግዳውን አየሁ። ሰብለወንጌል ሽሮዋን አማሰለች።

ሽቦውን መለሰ፣ ብሎኖቹን አንድ በአንድ አጠበቀ፣ ካውያውን ሰክቶ መጋሉን በምራቅ ሞከረ። እጁን ታጥቦ ምሳውን በላ። ሲወጣ በሩ ላይ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር እያሰረ፣ ቀና ሳይል፣

"የሚቀጥለው ሐሙስ የሚበላሸውን ዛሬውኑ ንገረኝ" አለኝ፤ "መፍቻ ሁሉ ተሸክሜ ሦስት መኪና ከምቀያይር።"