ድልድዩን የሳልኩት እኔ ነኝ

አታምኑኝም! በአንዲት ፎቶ ምክንያት የአርባ ዓመት ምስጢሬ ዛሬ ሊወጣ ነው።

ትናንት የለጠፍኳትን አይታችኋል አይደል? አንድ የኮንክሪት ምሰሶ፣ ጉለሌ፣ ገደል ውስጥ ብቻውን የቆመ፣ አናቱ ላይ ምንም የሌለበት። ከሥሩ «ገምቱ እስቲ፣ ይህ ምንድን ነው?» ብዬ ጻፍኩና ስልኬን ዘጋሁ።

ዛሬ ጠዋት ስከፍተው ኮመንቱ ሞልቶ ጠበቀኝ። አንዱ «የጣሊያን ምሽግ ነው» ይላል። ሌላው «ይህን የመሰለ ጥንታዊ ሐውልት እንዲህ ይጣላል?» ብሎ መንግሥትን ይወቅሳል። አንዲት ልጅማ «ጋሼ፣ አርት ነው አይደል?» ብላ ልብ ላከችልኝ።

አርት!

ከሁሉም በታች ግን እህቴ አልማዝ ነበረች። አልማዝ ፌስቡክ የከፈተችው እኔን ለመቆጣጠር ነው፤ ሌላ ጓደኛ እንኳ የላትም። እንዲህ ትላለች፦ «እውነቱን ትነግራቸዋለህ ወይስ እኔ ልንገራቸው?»

እሷ ከምትነግራችሁ እኔው ብናዘዝ ይሻለኛል።

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ ነው። ያኔ እኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር፤ መንገድ በሚያቅድ አንድ መሥሪያ ቤት የንድፍ ሠራተኛ ነበርኩ። የመሥሪያ ቤቱ ስም ይለፈኝ። ሥራዬ መሐንዲሶቹ በእርሳስ ያሰመሩትን በቀለም ማድመቅ ነው። እጄ ደግሞ ሳልዋሽ ወርቅ ነበር!

በእኛ ሙያ አንድ ቀላል ሕግ አለ። ሙሉ መስመር ማለት መንገዱ አለ ማለት ነው። ቁርጥርጥ መስመር ማለት ወደፊት ይሠራል ማለት ነው። ይህን ሕፃን ልጅም ይረዳዋል።

ከሽሮ ሜዳ በኩል ተነስቶ ገደሉን በድልድይ ተሻግሮ በቀጥታ ወደ እኛ ሰፈር የሚመጣ አንድ ትልቅ አውራ ጎዳና ነበር። በወረቀት ላይ ማለቴ ነው። ሥራውማ ተጀምሮ ነበር። ማዶ ግሬደር ሲያጓራ፣ ገደሉ ውስጥ ሲሚንቶ ሲቦካ ከቤታችን ይሰማን ነበር። ከዚያ አንድ ቀን ድምፁ ጠፋ፤ ሠራተኞቹ ማሽናቸውን ጭነው ሄዱ።

እኔም «ጨረሱ» አልኩ።

ምን ልበል? ሰው ሲጨርስ አይደል እንዴ የሚሄደው?

በመካከል የአብዮት በዓል ኤግዚቢሽን ደረሰ። የካርታው ተራ ሲመጣ አለቃዬ ጎንበስ ብሎ አየና ፊቱን ቋጠረ። «ጓድ፣ እነዚህ ቁርጥርጦች ምንድን ናቸው? ግድግዳ ላይ ሲሰቀሉ አያምሩም። አገናኛቸው!»

አገናኘኋቸው። ማስመሪያዬን አስደግፌ፣ ትንፋሼን ይዤ፣ አንድም ቦታ ሳልንቀጠቀጥ። አለቃዬ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

ከዚያ ያንን ካርታ ለዚህ ክፍል፣ ለዚያ ክፍል እየተባለ ደጋግሜ ገለበጥኩት። መጀመሪያ አካባቢ ትንሽ እጠራጠር ነበር። ስንተኛው ላይ እንደሆነ እንጃ፣ እኔም አመንኩ። ድልድዩን ያየሁት ያህል ነው የማውቀው። ስፋቱን ብትጠይቁኝ ከእንቅልፌ ተነስቼ እነግራችሁ ነበር!

እንግዲህ የአልማዝ ሰርግ መጣ።

ሙሽራው ተስፋዬ ይባላል፤ የሂሳብ አስተማሪ ነው፤ ቤቱ ከገደሉ ማዶ፣ ሽሮ ሜዳ በኩል። ሽማግሌ የተላከው በእኔ አማካይነት ነው። አልማዝ ያየችው ሦስት ጊዜ ብቻ ነበር፤ ሦስቱንም ጊዜ ሰው መሐል ቁጭ ብሎ መሬት ሲያይ።

በዋዜማው ጓሮ ጠራችኝ። «አንተ ታውቀዋለህ። ምን ዓይነት ሰው ነው?»

«ጥሩ ሰው ነው። የእጅ ጽሑፉም ያምራል» አልኳት።

«ስለ እጅ ጽሑፉ ማን ጠየቀህ?» ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «እኔ አላውቀውም። ነገ ከማላውቀው ሰው ጋር ልሄድ ነው። ፈራሁ።»

አንጀቴን በላችው። «እመኚኝ፣ ነገ ሁሉም ነገር ቀጥ ብሎ ይሄዳል» አልኳት። ከልቤ ነበር ያልኩት፤ እህቴ በሰርጓ ቀን እንድታለቅስ አልፈልግም ነበር።

አሁን ስሙኝ። ያኔ ሰርግ እንደ አሁኑ አይደለም። ሰው ለመሰብሰብ ከቀበሌ ፈቃድ ታወጣላችሁ። የእኛ ፈቃድ ከስድስት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ይላል። አሥራ አንድ ሲሆን አብዮት ጠባቂው በር ላይ ይቆማል፣ በቃ፣ ሁሉም ወደ ቤቱ! ቤንዚንም በኩፖን ነው። የተስፋዬ አጎት ስንት ጊዜ አጠራቅመው ሦስት መኪና አንቀሳቅሰዋል፤ የደረሳቸው ግን ለመሄድና ለመመለስ ያህል ብቻ ነው። በተለመደው መንገድ ደግሞ እስከ ፒያሳ ወርዶ እንደገና መውጣት ነው።

ታዲያ አቋራጭ የሚያውቅ ሰው ቤት ውስጥ እያለ?

ደረቴን ነፍቼ «ሙሽራውን እኔ ራሴ ሄጄ በአዲሱ መንገድ አመጣዋለሁ» አልኩ።

እናቴ የምትለቅመውን ምስር አቆመች። «የሙሽሪት ወንድም ሙሽራ ሲመራ የት አየህ? ደግሞስ ያ መንገድ፣ ሄደህ አይተኸዋል?»

«እማዬ! የሳልኩት እኔ ነኝ!»

ከላይ እስከ ታች አየችኝና ወደ ምስሯ ተመለሰች።

በማግሥቱ ከሙሽራው ጋር በፊተኛው መኪና ውስጥ ተቀመጥኩ። ነጭ ፔጆ፣ አበባ በአበባ። ካርታዬ ጉልበቴ ላይ። ከአስፋልቱ ታጥፈን የተደለደለው ቀይ አፈር ላይ ስንወጣ ልቤ በደስታ ሊፈነዳ ደረሰ። ሰፊ! ቀጥ ያለ! አንድም መኪና የለበትም!

«አያችሁ? ጭንቅንቅ የለ፣ ምን የለ!» አልኩ።

ለምን መኪና እንደሌለበት ማንም አልጠየቀም። እኔም።

ትንሽ እንደሄድን መንገዱ ላይ ነጭ ነገር ተጋረጠብን። ድር ነው! የሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ጋቢና ነጠላ የሚሠሩበትን ፈትል ለመዘርጋት ሜዳ ሲያጡ መንገዳችንን ወርሰውታል። ድሩን ያሰሩት ደግሞ የእኛው መሥሪያ ቤት ሰዎች በቸከሏቸው፣ አናታቸው ቀይ በተቀባ የመንገድ ችካሎች ላይ ነው።

ማሞ የሚባሉ አዛውንት ሸማኔ ወደ መስኮቱ ጠጋ አሉ። «ልጆቼ፣ ወዴት ናችሁ?»

«ወደ ድልድዩ ነው፣ ጋሼ። ድሩን ቢያነሱልን?»

«የቱ ድልድይ?»

«ይህ ፊት ለፊት ያለው።»

«እዚህ ድልድይ የለም፣ ልጄ።»

ሙሽራው ዞር ብሎ አየኝ። እኔ ፈገግ አልኩ። ዓይኔን በጨው አጥቤ ከመኪና ወረድኩና ካርታውን ቦኔቱ ላይ ዘረጋሁላቸው። «ይኸው፣ ጋሼ። ሙሉ መስመር ነው። የሳልኩት እኔ ነኝ።»

ጋሽ ማሞ ካርታውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ የሰርግ ልብሳችንን አዩ። ጨዋ ሰው ናቸው፤ ከሰርገኛ ጋር አልተከራከሩም። ድር እንደ ገመድ ተጎትቶ አይነሳም፣ እንዳይወሳሰብ ቀስ ተብሎ ይጠቀለላል። አንድ ሰዓት ሙሉ ጠቀለሉልን። አመስግነን፣ ጥሩምባችንን እየነፋን አለፍን።

ሁለት ደቂቃ ሄድን።

መንገዱ አለቀ!

ማለቴ፣ ልክ በቢላዋ እንደተቆረጠ ነው ያለቀው። ከፊታችን ገደል። ገደሉ መሐል አንድ ምሰሶ። ምሰሶው አናት ላይ አንድ ቁራ።

ሹፌሩ ሞተሩን አጠፋ። እኔ ካርታውን ገለበጥኩት፣ ምናልባት ከጀርባው በኩል ድልድይ ካለ ብዬ።

የተስፋዬ አባት ከኋላ ወንበር ከዘራቸውን ይዘው «ልጆች፣ እናንተ ሂዱ። እኔ ድልድዩ እስኪሠራ እዚሁ እጠብቃለሁ» አሉ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምንኛ በወደድኩ። ተከፍታ ነበር እኮ፣ ፊት ለፊቴ!

ሰዓቱ ስምንት ሊሆን ነው። አጎትየው የነዳጁን መርፌ አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። ዞሮ ለመሄድ የሚበቃ በአንዱም የለም። የሁለቱን መኪና በቱቦ ስበን ወደ ፔጆው ብንገለብጠው ግን አንዱ ይደርሳል፤ መቼ እንደሚደርስ ግን አይታወቅም። ይባስ ብሎ ከኋላችን ሸማኔዎቹ ድራቸውን እንደገና መዘርጋት ጀምረዋል።

በጥሩምባው ድምፅ ደግሞ የእኛ ሰፈር ሰው በባሕር ዛፉ መሐል እየሮጠ ማዶ ገደሉ አፋፍ ላይ ተደረደረ። እናቴም መጣች። ድምፅዋ ገደሉን ተሻገረ። «አንተ! ሄደህ አይተኸዋል ወይ ብዬህ ነበር!»

ከዚያ አልማዝ በቬሎዋ ብቅ አለች። ፊቷ ከዚያ ርቀት አይታይም። ትከሻዋ ብቻ ወድቋል። ትናንት «ቀጥ ብሎ ይሄዳል» ያልኳት ትዝ አለኝ፤ ያን ጊዜ ማፈሬ ቀረና አዘንኩ።

ተስፋዬ ከመኪናው ወረደ። ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቀለለ። «በየት ነው የሚወረደው?» ብሎ በእግራቸው ተከትለውን የመጡትን ጋሽ ማሞን ጠየቃቸው።

እንጨት የሚለቅሙ ሴቶች የሚወርዱባትን ቀጭን መንገድ አሳዩን። እሱ ከፊት፣ ሚዜዎቹ ከመሐል፣ መሪው እኔ ከኋላ! አባትየውን አጎትየው በፔጆው ይዘዋቸው ዞሩ።

ታች ወንዙ ጋ ስንደርስ ድንጋይ አንሸራተተኝ። ቁርጭምጭሚቴ ቋ አለ። ለመነሳት ሞከርኩ፣ አልቻልኩም።

«ተዉኝ፣ ሂዱ፣ ሰዓት ሄደ» አልኩ።

ተስፋዬ ተመልሶ ፊቴ ቁጢጥ አለና ጀርባውን ሰጠኝ። «ውጣ።»

«ኧረ ሱፍህ ይበላሻል!»

«ሱፉ የእኔ አይደለም። ውጣ።»

ወጣሁ። ሰፈሩ በሙሉ እያየ፣ ሙሽራው የሙሽሪትን ወንድም እንደ ሕፃን አዝሎ ያንን አቀበት ወጣ። መንገድ ላይ አልሰደበኝም፤ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር! አንዴ ብቻ ቆም ብሎ ትንፋሹን ሰበሰበና «ለመሆኑ አልማዝ ተናዳ ይሆን?» አለኝ።

አፋፉ ላይ ስንደርስ አልማዝ አፏን በሁለት እጇ ይዛለች። ስታለቅስ መሰለኝ። እየሳቀች ነው! በዚያ ሳምንት ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነበር። ተስፋዬም ቀና ብሎ አያት፤ አራተኛው ጊዜ መሆኑ ነው፣ በዚህኛው ግን መሬት አላየም።

ቤት ስንደርስ ሚዜዎቿ እንደ ወጉ በሩን ዘግተው ሰርገኛ አናስገባም አሉ። ሙሽራው ተለማምጦ፣ ተዘፍኖለት ገባ። ተራዬ ሲደርስ በሩ ድርግም!

«የዚህ ቤት ልጅ ነኝ እኮ!» ብዬ ጮህኩ።

«ከሙሽራው ጀርባ የወረደ የሙሽራው ወገን ነው!» አሉኝ።

የእህቴን ሰርግ ከደጅ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ በላሁ። ሳህኑን ያመጣችልኝ እናቴ ናት። አጠገቤ አስቀመጠችና «አሁንስ ሄደህ አየኸው?» አለችኝ። የተስፋዬ አባት አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ደረሱ። አብዮት ጠባቂው አሥራ አንድ ላይ መጥቶ ወሬውን ሲሰማ በሳቅ ብዛት ፊሽካውን መንፋት አቃተውና ግማሽ ሰዓት ጨመረልን።

ሰኞ እያነከስኩ ቢሮ ገባሁ። ዋናውን ካርታ አወጣሁ። ምላጭ ይዤ ያንን የሚያምር መስመር ፋቅ ፋቅ አደረግኩና መልሼ ቆራረጥኩት። አለቃዬ አይቶ «ይህን ማን አዘዘህ?» አለ።

«ጓድ፣ ሄጄ አይቼዋለሁ።»

መዝገብ ቤት አዛወሩኝ። እውነት ለመናገር በሕይወቴ ከሠራሁት ንድፍ ሁሉ የምኮራው በዚያ ነው።

አልማዝና ተስፋዬ ይኸው እስከ ዛሬ አብረው ናቸው። ሲጣሉ እሱ አንዲት ነገር ብቻ ነው የሚላት፦ «ወንድምሽን ተሸክሜያለሁ።» እሷም ዝም ትላለች። እኔም!

አሁን ግን የዛሬውን ስሙ። ኮመንቷን ካየሁ በኋላ ሌላ ፎቶ ላነሳ ወደ ምሰሶው ሄድኩ። አንድ ቢጫ ሰደርያ የለበሰ ወጣት መሐንዲስ ታብሌት ይዞ ቆሟል። መንገዱ ሊሠራ ነው አለኝ! ስክሪኑን አሳየኝ፤ ሰማያዊ፣ ደማቅ፣ ሙሉ መስመር።

«ልጄ፣ ማዶውን ሄደህ አይተኸዋል?» አልኩት።

«ጋሼ! ዲዛይን ያደረግኩት እኮ እኔ ነኝ!»

እጁን ጨበጥኩት። የረጅም ጊዜ ወዳጄን ያገኘሁ ነው የመሰለኝ።

ታዲያ ተማርክ ወይ አትሉኝም? የአልማዝ ትንሿ ልጅ በሚመጣው ጥር ታገባለች። ሙሽራው የማዶ ልጅ ነው። እኔም ያንን ሰማያዊ መስመር ካየሁ ሰዓት ሳይሞላ ለአልማዝ ደውዬ «ሙሽራውን በአዲሱ መንገድ እኔ እመራዋለሁ!» ብያለሁ።

ተስፋዬ ስልኩን ተቀበላትና «እኔ ጀርባዬን ያመኛል» ብሎ ዘጋብኝ።

እስቲ ፎሎወሮቼ ምከሩኝ፦ ዘንድሮስ ማን ያዝለኛል?