የጋሽ ሚናስ የሸክላ ምርመራ

በየሰፈሩ አንድ "ኦርጅናል ነው?" ባይ አለ፤ ፒያሳ ግን ከሁሉም የባሰውን ለራሷ አስቀርታለች። አዲስ ጫማ አድርጋችሁ ብቅ ስትሉ "ያምራል" ከማለቱ በፊት ጎንበስ ብሎ ሶሉን የሚመረምር ሰው እናንተም ሰፈር አይጠፋም። እንዲህ ዓይነቱን ሰው መሸሽ አይቻልም። መንገድ ብትቀይሩ እንኳ የያዛችሁትን ፌስታል ከሩቅ አይቶ ይፈርድበታል።

የኛው ክቡር ዋና መርማሪ ጋሽ ሚናስ ይባላሉ። በወረቀት ጡረታ የወጡ የቢሮ ሠራተኛ ናቸው፤ እውነተኛ ሥራቸው ግን ፎርጅድ ማጋለጥ ነው፤ ከዚህኛው ደግሞ ጡረታ የሚያወጣቸው አልተገኘም። አንድ ጊዜ ለቅሶ ቤት አጠገቤ ተቀምጠው የጋቢዬን ጫፍ በሁለት ጣት አሻሹና "ነፍስ ይማር፣ የፋብሪካ ነው" አሉኝ፤ ሁለቱንም በአንድ ትንፋሽ። ሰርግ ላይ የሙሽራውን ከረባት ገልብጠው ጀርባውን አይተዋል። ሙሽራው እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ሲያያቸው አንገቱን ይይዛል።

ይህ ሁሉ ማሟሟቂያ ነው። የጋሽ ሚናስ ትልቁ ችሎት የሚሰየመው ለሸክላ ነው፤ እዚያ ላይ እኔም ቀልዴን ትቼ አፌን ከፍቼ አያለሁ። የድሮ ዘፈን ሸክላ ተፈላጊ ከሆነ ወዲህ አስመስሎ የሚያትመው በዝቷል። ጋሽ ሚናስ ሸክላውን ተቀብለው መጀመሪያ ያሸቱታል። ቀጥለው በመስኮት ብርሃን አጋደም ያደርጉና፣ ዘፈኑ ካለቀበት እስከ መሃሉ ወረቀት ባለችው ባዶ ቦታ ላይ የተጫረችውን የፋብሪካ ቁጥር ይፈልጋሉ። "የማን እጅ እንደጻፋት አውቃለሁ" ይላሉ። እኔ ቁጥሯ መኖሯን ለማየት እንኳ መነጽሬን ሁለት ጊዜ እወለውላለሁ።

የሰፈራችን ልጅ ኢዩኤል ካፌ ሲከፍት ግድግዳውን በድሮ ሸክላዎች አስጌጠ። ጋሽ ሚናስ ማኪያቷቸውን ሳይቀምሱ አንዱን አስወረዱት። ሽፋኑ አርጅቷል፣ ጥጉ ላይ የመታጠፍ ምልክት አለው። ዓይናቸውን ጨፍነው ጣታቸውን አሳለፉበት።

"እጥፋቱ የታለ?" አሉ።

"ይኸው፣ ይታያል እኮ!"

"ይታያል፤ አይዳሰስም። የታጠፈ ሽፋን ፎቶ አንስተው ነው ያተሙት። ዓይንን አትመኑ፣ ጣት ጠይቁ!"

ኢዩኤል በጣቱ ዳሰሰው። ከመስታወት ይለሰልሳል። "ጋሽ ሚናስ፣ ለጌጥ እኮ ነው የሰቀልኩት!" ቢል ሰሚ አላገኘም፤ ግድግዳው በሳምንቱ ግማሹ ባዶ ሆነ።

እኚህ ሰው ግን ራሳቸው አንድ ሸክላ አጥተው ነበር። ባለቤታቸው ወይዘሮ አይናዲስ በሕይወት ሳሉ አብዝተው የሚወዷት ዘፈን ያለችበት ትንሽ ሸክላ ናት፤ ዘፋኙም ከእሷ ሌላ ያስቀረጸ አይመስለኝም። ወይዘሮ አይናዲስ ካረፉ በኋላ ሰፈሩ ለልማት ሲነሳ፣ ጋሽ ሚናስ ያችን ሸክላ ለማንም ሳይሰጡ ደረታቸው ላይ ታቅፈው መኪና ላይ ወጡ። መኪናው ጉድጓድ ሲዘል ታቅፈዋት ሳሉ ለሁለት ተሰነጠቀች። ስድስት ኪሎ ጀርባ ወደተከራዩት ቤት ስንደርስ ዕቃውን ሁሉ እኛ አወረድን፤ እሳቸው ከመቀመጫቸው አልተነሱም። ከዚያ ወዲህ ራስ መኮንን ድልድይ አካባቢ አሮጌ ዕቃ የሚነግደውን ሃፍቶምን እንቅልፍ ነሱት፦ "ሌላዋን ፈልግልኝ፤ ኦርጅናሏን!"

አንድ ቀን ሃፍቶም ደወለልኝና "ተገኘች!" አለ። ሸክላዋን ይዘን አብረን ጋሽ ሚናስ ቤት ሄድን።

ጋሽ ሚናስ አሸተቱ፤ አጋደሙ። ማጫወቻው ላይ አድርገው መርፌውን አወረዱ። ዘፈኑ ሄደ፣ ሄደ፣ ሦስተኛው ስንኝ ላይ "ጧ! ጧ!" አለ። መርፌውን አንስተው ሸክላውን መስኮት ላይ ወሰዱት፤ ጣታቸውን አሳለፉበት።

"ጭረት የለውም" አሉ። "የጭረት ድምፅ ግን አለው። ከሌላ የተጫረ ሸክላ ላይ ቀድተው ነው ያተሙት። ፎርጅድ ነው።"

"ማርያምን፣ ሙድ እየያዙብኝ ነው?" አለ ሃፍቶም፤ ፊቱ ጠቆረ።

ጋሽ ሚናስ መልሰው አጫወቱት። "ጧ! ጧ!" ሲል መርፌውን እንደገና ወደኋላ መለሱት። ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አሉ።

"ይሄ የኛ ቤት ሸክላ ነው" አሉ።

ግራ ገባን። ወይዘሮ አይናዲስ ሸክላውን በነጠላቸው ጫፍ ሲወለውሉ ቀለበታቸው እዚህች ቦታ ላይ ጭሮት ነበር። "ሳምንት ሙሉ አኮረፍኳት" አሉ ጋሽ ሚናስ፤ "እሷ ደግሞ ዘፈኑ እዚህ ሲደርስ እየሳቀች አብራ 'ጧ ጧ' ትል ነበር።" በኋላ አንድ ካሴት ቤት ሸክላውን ተውሶ ቀድቶ መልሷል፤ ቅጂው ስንት እጅ ዞሮ እዚህ እንደደረሰ እግዜር ይወቅ። ስንት ሺህ አሮጌ ሸክላ ጧ ጧ በሚልበት ዓለም፣ እኚህ ሰው የሚስታቸውን ቀለበት ለይተው ሰሙ።

ፎርጅዱ እዚያው ቀረ። ክቡር መርማሪው በመደርደሪያቸው ፎርጅድ ሲያስቀምጡ የመጀመሪያቸው ነው፤ እኔና ሃፍቶምም ለሰፈር ላለመናገር በዓይን ተስማማን።

ሃፍቶም ግን እልኸኛ ነው። ዘንድሮ ከፋሲካ በኋላ ሌላ ይዞ መጣ። ሽታው፣ ወረቀቱ፣ የተጫረችው ቁጥር ሁሉ ልክ ነው። ጋሽ ሚናስ ፊታቸው በርቶ አጫወቱት። ሦስተኛው ስንኝ ሲደርስ ወደ ማጫወቻው ጎንበስ አሉ። ዘፋኙ ያቺን ቦታ ያለምንም እንከን አለፋት። ዘፈኑ እስኪያልቅ ጎንበስ እንዳሉ ቀሩ።

ሸክላውን አንስተው ወለወሉት፤ ሽፋኑ ውስጥ መልሰው ለሃፍቶም ሰጡት።

"ኦርጅናል ነው። ምንም አይወጣለትም። ውሰደው።"

"እንዴ! ስንት ዘመን ፈልግ ያሉኝ እኮ ነው፣ ጋሽ ሚናስ?"

"አይናዲስ የለችበትም" አሉት።

እኔ ተነስቼ ፎርጅዱን ከመደርደሪያው አወረድኩና ማጫወቻው ላይ አደረግኩላቸው።