ጠራራ ላይ የተደረደሩት አግዳሚዎች

ሙቀትን የማማት ያህል ጨዋታ የለም። ጎረቤት ብታሙ ይሰማና ትጣላላችሁ፤ ሙቀት ግን ምን ቢባል አይቀየምም። ስለዚህ እኛ ባሕር ዳሮች ከሰላምታ ቀጥለን እሱን እናማለን። «ዘንድሮስ ምን ጉድ ነው» እንላለን፣ በነጠላችን ጫፍ ፊታችንን እናራግባለን፣ ዝናቡ መዘግየቱን፣ ሐይቁ ከዳር መሸሹን እንደ ሰው አገር ወሬ እንቀባበላለን፤ ከዚያ ወንበራችንን ወደ ጥላ እንስባለን። በቃ። ሰማዩን የሚመለከተው አካል ይጨነቅበት። እኔ ትምህርቴን ከስምንተኛ ክፍል ስላቋረጥሁ የአየሩን ነገር እንደ ተማረ ሰው አላብራራላችሁም። ጥላ ግን አውቃለሁ። ልጅ ያላት ሴት ጥላ ታውቃለች።

የምንኖርባት አንዲት ክፍል ክዳኗ ቆርቆሮ ነው። ከአጥሩ ማዶ የእድራችን ቦታ አለ፣ ቦታው ላይ አንድ ትልቅ ዋንዛ። ቅርንጫፉ አጥር ተሻግሮ ክዳናችን ላይ ስለሚያጠላ፣ ሌላው ቤት በቀትር ሲነድ የእኔዋ ሕፃን ሶስና እንቅልፏን ትለጥጣለች። ዋንዛው ከሌለ እሷም እኔም እንቅልፍ የለን።

ታዲያ በጋው ላይ የእድራችን ዳኛ ጋሽ አዱኛ አንድ ሐሳብ አመጡ። ሙቀቱ ስለባሰ ለቀስተኛ የሚያርፍበት የቆርቆሮ አዳራሽ ይሠራ፤ ቦታው ዋንዛው የቆመበት ይሁን፤ ግንዱም ለበርና ለመስኮት ይሆናል። አያችሁ፣ ከፀሐይ ለመሸሽ ጥላውን መቁረጥ። ክፉ ሰው ሆነው እንዳይመስላችሁ፤ ለቅሶ ሲኖር ከሁሉ ቀድመው ድንኳን የሚተክሉት እሳቸው ናቸው። ግን ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፤ ቀሪውን እናንተ ታውቁታላችሁ።

ጆሮዬን ጥዬ ሰነበትሁ። አንዱ ዛፍ መች ጠፋ አለ። ጎረቤቴ እትዬ ውባለም «የሚሞቀው በኃጢአታችን ነው፤ ዋንዛ ምን ያደርጋል?» አሉ። ይህን ያሉት ግንዱን ተደግፈው ነው። ለባለቤቴ ብነግረው፣ አንቺ ብትናገሪ ማን ይሰማሻል አለኝ። እውነቱን ነው። እሱ እሁድም ባጃጁን ስለሚነዳ በእሱ ፋንታ ስብሰባ የምቀመጠው እኔ ነኝ፤ ሥራዬም አግዳሚ ወንበር መደርደር፣ ከዚያ ዝም ማለት ነው።

ስለዚህ አልተናገርሁም። ደረደርሁ።

ሊወሰን በተቀጠረበት እሁድ ሶስናን ግንዱ ሥር አስተኛሁና አግዳሚዎቹን በሙሉ ከጥላው አውጥቼ ጠራራው ላይ አሰለፍኋቸው። ከቤተ ክርስቲያን የተመለሰው ሰው ግራ ገባው። ጋሽ አዱኛ ባርኔጣቸውን አውልቀው አዩኝ።

«ምነው ልጄ፣ ዛሬ ልታሰጪን ነው?»

«ዛፉ ተቆርጦ አዳራሹ እስኪያልቅ የምንቀመጠው እንዲህ ነው ጋሼ፤ ከአሁኑ እንልመደው ብዬ ነው።»

ከኋላ ተሳቀ። የእድር ግንባታ መቼ እንደሚያልቅ ሁሉም ያውቃል። እሳቸው ግን እልኸኛ ናቸውና ቁጭ አሉ፤ ዳኛ ከተቀመጠ ማን ይቆማል? ስለ ቆርቆሮውና ስለ ሚስማሩ ማውራት ተጀመረ። መጀመሪያ እትዬ ውባለም ጉልበታቸውን አመማቸውና ወደ ዋንዛው ሄዱ። ቀጥሎ አንዱ ስልክ ተደወለለት፤ ስልኩ ጥላ ሥር ካልሆነ አይሰማም መሰለኝ። ሌላው እግሬ ደነዘዘ አለ። ሰዉ እንዲህ እየተንጠባጠበ ሄዶ፣ ጠራራው ላይ ጋሽ አዱኛና እኔ ብቻ ቀረን። ላቡ ከመላጣቸው አገጫቸው ደርሷል።

«አንቺ አይሞቅሽም?» አሉኝ።

«ይሞቀኛል እንጂ» አልሁ። አልተነሣሁም።

እሳቸው ተነሡ። የአግዳሚውን አንድ ጫፍ እሳቸው፣ ሌላውን እኔ ይዘን ጥላው ሥር ገባን። ከዚያ ዛፉ ይቆረጥ የሚል እጁን ያውጣ አሉ። እጅ ጠፋ። ሁሉም እጁን ለማራገቢያ ፈልጎታል።

አዳራሹ ከዋንዛው ራቅ ብሎ ጠራራው ላይ ተሠራ። ውስጡ እሳት ስለሆነ የሚኖሩበት አግዳሚዎቹ ብቻ ናቸው፤ ስብሰባ ሲኖር እያወጣሁ ዋንዛው ሥር እደረድራቸዋለሁ። ጋሽ አዱኛም ለመጣ እንግዳ ሁሉ ዛፉን ያተረፍሁት እኔ ነኝ ይላሉ። ይበሉ። ልጄ ትተኛለች።

ባለፈው እሁድ ደግሞ የሐይቁ መሸሽ ተነሣ። ውሃ አይደል፣ ይመለሳል ተባባሉና ወደ ሌላ ጨዋታ አለፉ። እኔ እንደ ልማዴ አግዳሚዎቹን ሰብስቤ አስገባሁ። በማግስቱ ሶስናን አዝዬ ወደ ሐይቁ ወረድሁና አምና ውሃ የነበረበትን ዳር በእግሬ ረግጬ አየሁት። ደርቋል። ለመጪው እሁድ ስብሰባ አግዳሚ በደንብ ያስቆማል።