በስምንት የሚያልቀው ቁጥር

በየመሥሪያ ቤቱ ኮሪደር ላይ እንዲህ ያለ አንድ ሰው አይጠፋም። ደመወዝ አይከፈለውም፣ ጠረጴዛ አልተሰጠውም፤ ግን ከኃላፊው ይልቅ የሚፈለገውም የሚፈራውም እሱ ነው። የትኛው ቅጽ በሁለት ኮፒ እንደሚሞላ፣ የትኛዋ ጸሐፊ ከሻይ ሰዓት በፊት መነካት እንደሌለባት፣ ማኅተሙ የትኛው መሳቢያ ውስጥ እንደሚያድር ያውቃል። ሲመጣ ያየው የለም፤ ሲሄድም ያየው የለም። ባለጉዳይ ሁሉ በልቡ "ይሄ ሰውዬ ቤት የለውም እንዴ?" ይልና ጠጋ ብሎ ስለ ጉዳዩ ይጠይቀዋል።

የግብር ጽሕፈት ቤቱ እንዲህ ያለ ሰው ክቡር ሊቀ መዝገብ ነበሩ። ማዕረጉን የሰጣቸው ወረፋው ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት መዝገብ ክፍል ሠርተው፣ ዓይናቸው ሲደክም በጡረታ ተሰናበቱ። የስንብት ደብዳቤው በደረሳቸው ማግስት ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ግን ከአራተኛው መስኮት ክፍል በር ፊት ለፊት ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተገኙ። ይኸው ስድስት ዓመታቸው። ግራጫ ኮት፣ እስከ አንገት የተቆለፈ ሸሚዝ፣ ጉልበታቸው ላይ የተጋደመ ዱላ። ዓይናቸው ወተት ጠብ እንዳለበት ውኃ ነጥቷል። ሰው የሚለዩት በድምፅ ነው፤ ድምፁን ከሰሙ ደግሞ የግብር መለያ ቁጥሩን ይጠሩለታል።

አንድ ቀን አንድ ዳቦ ጋጋሪ ወረፋ ላይ ቆሞ አስነጠሰ። ገና አፍንጫውን ሳይጠርግ አሥሩንም አሃዝ ዘረገፉለት። ሰውየው ካርዱን አውጥቶ ሁለት ጊዜ አመሳከረው። ሌላ ጊዜ የአንድ መስታወት ቆራጭ ሚስት ባሏ ከሞተ በኋላ የድርጅቱ ወረቀት ጠፍቶባት መጣች። የድርጅቱን ነገሯት። አመስግናቸው ልትሄድ ስትል፣ "የሟቹንስ የግሉን አትፈልጊውም?" አሏት ዝግ ብለው። "እሱ አረፈ እንጂ ቁጥሩ እኮ እዚሁ ነው።" የዚያን ዕለት ከአግዳሚው ጫፍ ላይ ሦስት ሰዎች ቀስ ብለው ተነሡ።

"እኔ ፊት አልይዝም" ይላሉ ሁልጊዜ። "ፊት ይወፍራል፣ ይከሳል፣ ጺም ያበቅላል። ቁጥር ግን እንደተወለደ ነው።"

ልብስ ሰፊዋ ወደዚህ ኮሪደር የገባችው አንድ ሰኞ ጠዋት ነው። አርባ አንድ ዓመቷ ነው፤ ሃያውን በሰው የስፌት መኪና ላይ አጎንብሳ ያሳለፈች። አሁን ግን የራሷን ሁለት መኪና ገዝታ፣ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይታ፣ በዕድሜዋ ትልቁን ሥራ ልትይዝ ነው። አንድ ሆስፒታል ሁለት መቶ ጋውን እንድትሰፋለት ተስማምቷል። "እስከ ሐሙስ የግብር መለያ ቁጥርሽን ካላመጣሽ ሥራው ለተጠባባቂው ይሰጣል" ብለዋታል።

"ለአዲስ ምዝገባ የምትጠብቁት እናንተ ናችሁ?" ብላ ወረፋውን ጠየቀች።

አግዳሚው ላይ ያሉት ሽማግሌ ቀና አሉ።

"አንቺን ደግሞ አዲስ ምዝገባ ምን ሊያደርግልሽ ነው፣ ልጄ? አለሽ እኮ። ያ በስምንት የሚያልቀው።"

ወረፋው ሳቀ፤ እሷም ሳቀች። "ከሌላ ሰው ጋር ተምታትቼብዎት ነው፣ አባቴ። እዚህ ቤት ስረግጥ የመጀመሪያዬ ነው።"

"በየዓመቱ ትመጪ የለም እንዴ! አምና እንዲያውም ጉንፋን ይዞሽ ድምፅሽ ተዘግቶ ነበር። 'ይማርሽ' ብዬሽ 'አሜን' ብለሽኛል።"

"እኔ አልነበርኩም" አለች፣ ሳቋ እየሳሳ።

ሽማግሌው ወረፋውን ሁሉ ያስደነገጠ ነገር አደረጉ። በስድስት ዓመት ውስጥ በሥራ ሰዓት ከዚያ ወንበር ሲነሡ ያያቸው የለም፤ ተነሡ። ዱላቸው ወለሉ ላይ ወድቆ ጮኸ።

"እስቲ ደግመሽ ተናገሪ።"

"ምን ልበል?"

"የፈለግሽውን።"

አልተናገረችም። ተራዋ ሲደርስ ፈጠን ብላ ወደ ውስጥ አመራች። ሽማግሌው ግን ፊታቸውን ወደ እሷ አዙረው፣ በሩ ውስጥ እስክትገባ ድረስ የእግሯን ኮቴ አዳመጡ።

የአራተኛው መስኮት ሠራተኛ ማስቲካ የምታኝክ ወጣት ናት። ስሟን ጻፈች፣ የአባቷን፣ የአያቷን፣ የልደት ቀኗን። ማስቲካው ቆመ። ስክሪኑን አየች፤ ልብስ ሰፊዋን አየች።

"እህቴ፣ አለሽ እኮ። ከተመዘገብሽ አሥራ ዘጠኝ ዓመትሽ። ሥራ፦ ልብስ ስፌት። አንድም ቀን አሳልፈሽ አታውቂም። እንዳንቺ ያለው ቢበዛልን እኛም እናርፍ ነበር!" ብላ ቁጥሩን አነበበችላት። መጨረሻው ስምንት ነው።

ስሟ ከነአያቷ። የልደት ቀኗ። የእናቷ ስም። ሙያዋ ሳይቀር። አንዲት ሴት በዚሁ ከተማ በሌላኛው ጫፍ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እሷን ሆና ጨርቅ ስትቆርጥ ኖራለች።

"ፎቶ የለውም?" አለች ልብስ ሰፊዋ።

የድሮው ማኅደር ከመዝገብ ክፍል እስኪመጣ ግማሽ ሰዓት ፈጀ። ጥግ ላይ ጉርድ ፎቶግራፍ ተለጥፏል። "እኔ ነኝ" አለች፣ ሳታስበው። ከዚያ ግን ሸሚዙን አየችው። ለብሳው አታውቅም። አንገትጌው ላይ ትንሽ ቅጠል ተጠልፏል። ያንን ቅጠል የጠለፈችው እናቷ ናት፤ የጠለፈችውም ለታላቅ እህቷ ነው።

ታላቅ እህቷ ከሞተች ሃያ ዓመቷ ነበር። በአንድ ዓመት ነው የምትበልጣት። መልካቸው ቢቀራረብም የሚያስገርመው ድምፃቸው ነበር፤ ስልክ ላይ እናታቸው እንኳ "የቷ ነሽ?" ሳትል ወሬ አትጀምርም። እህቷ ከባሏ ዱላ ሁለት ጊዜ ሸሸች፤ ሁለት ጊዜም ፈልጎ አግኝቷታል። በሦስተኛው ጊዜ ወንዝ ዳር ጫማዋ ብቻ ተገኘ። ተለቀሰ፤ ሰው ተቀመጠ፤ ተነሣ። በዚያው ሳምንት የታናሺቱ መታወቂያና የልደት ወረቀት ከመሳቢያ ውስጥ ጠፋ። ቤቱ ሰው ሲመላለስበት የሰነበተ ነውና አንዱ ወስዶት ይሆናል ብላ ሌላ አወጣች። ሁለቱን ነገር አንድ ቀን እንኳ አገናኝታ አታውቅም።

"ይሄ ማጭበርበር ነው" አለች ወጣቷ፣ ነጭ ወረቀትና እስክሪብቶ በመስኮቱ ሥር እያሾለከች። "ማመልከቻ ጻፊ። ዛሬውኑ ይታገዳል፤ ሴትየዋ በሕግ ትፈለጋለች፤ አንቺ ረቡዕ አዲሱን ትወስጃለሽ።"

ልብስ ሰፊዋ እስክሪብቶውን ያዘች። ሐሙስን አሰበች፤ ሁለት መቶውን ጋውን አሰበች፤ የክፍሏን ኪራይ አሰበች። ፎቶው ያያታል። እስክሪብቶውን መልሳ አስቀመጠች።

ኮሪደሩ ላይ ሊቀ መዝገብ ጠበቋት። "አልጻፍሽም" አሉ።

"እንዴት አወቁ?"

"የዚያ መስኮት እስክሪብቶ ሲጽፍ ይጮኻል።" ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ነገ ረፋድ ላይ ነይ። ያቺ ሴት የዓመቱን የግብር ማሳወቂያዋን የምታስገባው ቀነ ገደቡ አንድ ቀን ሲቀረው ነው። አዛንፋ አታውቅም።"

ማክሰኞ ከሁለት ሰዓት ጀምራ አጠገባቸው ተቀመጠች። ሽማግሌው በሩ በተከፈተ ቁጥር ጆሯቸውን ዘንበል ያደርጋሉ። ሰው ይገባል፣ ያወራል፤ እሳቸው "አይደለችም" ለማለት ጭንቅላታቸውን ይነቀንቃሉ። አራት ሰዓት ሊሆን ሲል ከጀርባዋ የራሷን ድምፅ ሰማች።

"ይቅርታ፣ ማሳወቂያ የሚቀበሉት ዛሬም እዚሁ ነው?"

ልብስ ሰፊዋ አፏን በእጇ ነካች። ተዘግቷል።

ዞር አለች። አንዲት ፀጉሯ የሸበተ፣ መነጽሯን በክር ያንጠለጠለች ሴት ቆማለች። የመርፌ መሰኪያውን የእጅ አንጓዋ ላይ ረስታው ነው የመጣችው። ዓይን ለዓይን ሲጋጠሙ ሴትየዋ ወረቀቶቿን ደረቷ ላይ አጥብቃ ወደ በሩ አፈገፈገች።

"ልትከሺኝ ነው?"

"ሞተሽ ነበር እኮ" አለች ልብስ ሰፊዋ።

"እንዲያ ካልሆነ አይተወኝም ነበራ! ዛሬም አይተወኝም።"

"እሱ እኮ ከሞተ ዘጠኝ ዓመቱ።"

ታላቂቱ ግድግዳውን ተደግፋ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። "ዘጠኝ?" አለች። "አልሞተም። መንገድ ላይ ከኋላዬ ሲራመድ እሰማዋለሁ። አሁን ስመጣም ሰምቼዋለሁ።"

በኮሪደሩ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ሳያውቀው ወደ በሩ ተመለከተ። ማንም የለም።

ልብስ ሰፊዋ ጎኗ ተቀምጣ እጇን ያዘቻት። ጣቷ ጫፍ ላይ መርፌ የወጋጋው ሻካራ ቦታ አለ፤ እሷም እዚያው ቦታ ላይ አላት።

"እናታችንስ?"

"አለች። እኔ ብቻ ቀርቼ እንኳ ስደውልላት 'የቷ ነሽ?' ትላለች። አርጅታ ነው ብለን ዝም እንላታለን።"

ያኔ ነው ታላቂቱ ያለቀሰችው። ስታበቃ በመዳፏ ዓይኗን ጠርጋ፣ "ስምሽን ግን አላቆሸሽኩትም" አለች።

"አይቼዋለሁ። ከእኔ ይልቅ አክብረሽ ነው የያዝሽው።"

ተያይዘው ኃላፊው ዘንድ ገቡና እንዳለ ተናገሩ። ኃላፊው መጀመሪያ ተቆጣ፣ ቀጥሎ መመሪያ አገላበጠ፣ በመጨረሻ ራሱን አከከ። ውሳኔው ይህ ሆነ፦ ቁጥሩ የስሙ ነውና ከስሙ ባለቤት ጋር ይቀራል፤ ታላቂቱ ቅጣቷን ከፍላ፣ ማስጠንቀቂያዋን ፈርማ በራሷ ስም ትመዝገብ። በራሷ ስም ግን ሟች ናት። መኖሯን የሚያረጋግጥ ደብዳቤ ለማውጣት አሥራ አንድ ቀን ፈጀ፤ በየቀኑ በእግሯ እየመጣች ትጠይቃለች፣ በየቀኑ "እስካሁን አልተረጋገጠም" ትባላለች።

ሆስፒታሉ ቁጥሩን ረቡዕ ዕለት አገኘ። የግዢ ክፍሉ ሰው ስክሪኑን እያየ፣ "አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሠራሽበት ነው ለምን አላልሽንም?" አላት። ልብስ ሰፊዋ ታሪኩን ነገረችው። አላመናትም፤ ውሉን ግን ፈረመ። ሁለት መቶውን ጋውን ሁለቱ እህትማማቾች በሁለቱ መኪና ጎን ለጎን ሰፉት። በር ላይ የሚያልፍ ሰው አንዲት ሴት ብቻዋን የምታወራ ይመስለው ነበር።

ሥራው እንዳለቀ ልብስ ሰፊዋ ከተረፈው ጨርቅ ወፈር ያለ መቀመጫ ትራስ ሰፍታ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ወሰደች። ሊቀ መዝገብ በእጃቸው ዳሰሱት፤ ስፌቱን አንድ በአንድ የቆጠሩት መሰላት።

"እርስዎስ ምነው ቤትዎ አያርፉም?" አለቻቸው።

ትራሱን ሥራቸው አንጥፈው ተቀመጡበት።

"ያን የእህትሽን ቅጽ የተቀበልኩት እኔ ነኝ። ስሟን ልትጽፍ ስትል ቆም ብላ አሰበች። በገዛ ስሙ ላይ ቆም የሚል ሰው የለም። ያኔ ዓይኔ ደህና ነበር፤ አንገቷ ላይ የጣት ምልክት አየሁ። ማኅተሙን መታሁት።" ዱላቸውን አሻሹት። "ደግ የሠራሁ መስሎኝ ነበር። ቤቴ ስገባ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ያቺ የስሙ ባለቤት አንድ ቀን መጥታ 'አለሽ' ስትባል፣ አጠገቧ ማን ይኖራል? አብዳለች ብለው ቢመልሷትስ?"

ልብስ ሰፊዋን ያ ሁሉ ሰው ይሸሻቸው እንደነበረ፣ እሷም በመጀመሪያው ቀን እንዴት እንደ ጥላ እንደፈራቻቸው ትዝ አላት። የኮታቸውን አንገትጌ አስተካከለችላቸው፤ እንደ ልጅ ዝም ብለው ተስተካከሉላት።

"በሉ እንግዲህ፣ እኔ መጥቻለሁ። ዛሬ ወደ ቤት ላድርስዎት።"

"የት ሄጄ!" አሉ፣ ትራሱ ላይ እየተመቻቹ። "እንዲህ ያለ ቅጽ አምስት ነው የመታሁት። ገና አራት ሰው ይቀረኛል።"

በዚህ መሀል የኮሪደሩ በር ተከፈተ። ልብስ ሰፊዋ ቦርሳዋን አንሥታ ነበር፤ መልሳ አስቀመጠችና አጠገባቸው ቁጭ ብላ፣ የገባው ሰው ድምፁን እስኪያሰማ ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ አዳመጠች።