እርስዎ ይቅደሙ ያልንበት በር

የኮሌጃችን ትሕትና ለመጪው ትውልድ ይተላለፍ ዘንድ፣ እኔ የገምጋሚ ኮሚቴው ጸሐፊ ይህን ቃለ ጉባኤ በሙሉ ልብና በተወሰነ ርሃብ ጽፌዋለሁ።

ኮሌጃችን የሚገኘው ጋይንት ውስጥ ነው። ስሙን አልጠራም፤ ትሑት ተቋም ስሙ ሲነሳ ያፍራል። የሥነ ሕንፃ ትምህርት ክፍላችን ጣሪያ ያፈሳል፤ ስለ ጣሪያ የምንሰጠው ትምህርት ግን ጠብታ አያሳልፍም።

ዘንድሮ ከሚመረቁት መካከል ዳግማዊት የምትባል የስማዳ ልጅ አለች። ጓደኞቿ ባለ አምስት ፎቅ ሆቴል በወረቀት ሲነድፉ፣ እሷ ከግቢው ጀርባ በባሕር ዛፍና በጭቃ አንዲት ክፍል አቆመች። ከዚያ ላፕቶፗን ይዛ ቁጭ አለችና ለክፍሏ ኮድ ጻፈችላት። ሰው ከበሩ አንድ እርምጃ ሲቀረው ሴንሰሩ እግሩን ያያል፤ በሩም ተንሸራቶ ይከፈታል። ሰውየው ወደ ኋላ ካለ «ሐሳቡን ቀየረ» ብሎ ይዘጋል። በበሩ ዙሪያ የተረገጠ እርምጃ ሁሉ ደግሞ ውስጥ ባለው ግድግዳ ላይ የብርሃን ነጥብ ሆኖ ይቀመጣል። የጥናቷ ርእስ «የአገራችን ሰው ወደ ቤት እንዴት ይገባል?» የሚል ነበር። ጥያቄው ቀላል መስሎን አጸደቅነው።

ደንቡ ግልጽ ነው። ሦስት ገምጋሚዎች ክፍሏ ውስጥ ገብተው አይተው እስከ ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት ካልፈረሙ፣ ልጅቷ ቅዳሜ አትመረቅም፤ ዓመት ትጠብቃለች። እናቷ ወይዘሮ ማሬ ግን ዓመት የሚጠብቅ ድግስ አልደገሱም። ጠላቸውን ጠምቀው፣ በጋቸውን ጭነው፣ በዚያ መንገድ እየተንገጫገጩ ከስማዳዋ ወገዳ መጥተዋል።

ገምጋሚዎቹ ዲኑ ዶክተር ሙሉነህ፣ የጥራት ማረጋገጫ ኃላፊዋ ወይዘሮ ብሩክታዊት እና የኅብረተሰቡ ተወካይ ሆነው ከቤተ ልሔም የድጓ ትምህርት ቤት የተጋበዙት መሪጌታ ገብረ ማርያም ናቸው። ሦስቱም ጨዋ ሰዎች ናቸው። መከራችን የጀመረው ከዚህ ነው።

ማክሰኞ ጠዋት በሩ ዘንድ ደረሱ። በሩ ተከፈተ። ከፊት የነበሩት ዲኑ ወደ ኋላ አሉ።

«መሪጌታ፣ ይቅደሙ።»

በሩ ተዘጋ።

«ኧረ በእግዚአብሔር! ባለቤቱ ቆሞ እንግዳ ይቀድማል እንዴ?» መሪጌታ ዲኑን ሊያስገቡ ጠጋ ሲሉ በሩ ተከፈተ፤ ዲኑ አልገባ ሲሏቸው ሁለቱም አፈገፈጉ፤ ተዘጋ።

«እንግዲያው ወይዘሮ ብሩክታዊት ይቅደሙ። ዘመኑ የሴቶች ነው» አሉ ዲኑ።

«አባቶች ቆመው እኔ ልግባ? ሞቼ እገኛለሁ!»

ዳግማዊት ከጎን ሆና ታዳምጥ ነበር። «በሩን እኔ ልይዝላችሁ አልችልም፤ ከነካሁት ጥናቱ ይበላሻል» አለች። «ግን ማንም ቢቀድም ለበሩ ግድ የለውም።»

«ችግሩም እሱ ነው» አሉ ዲኑ።

እስከ ምሳ ሰዓት በሩ አርባ አንድ ጊዜ ተከፍቶ አርባ አንድ ጊዜ ተዘጋ። በሪፖርቴ ላይ «ጉብኝቱ በተሳካ ሁኔታ ተጀምሯል» ብዬ አሰፈርኩ።

ረቡዕ ቀኑን ሙሉ ተሰብስበን አንድ ደብዳቤ አወጣን፦ «በሩ ላይ ከፍተኛ የግንዛቤ እጥረት የተስተዋለ በመሆኑ፣ ኮዱ ማዕረግን ለይቶ ቅደም ተከተል እንዲያስጠብቅ ሆኖ በአስቸኳይ ይስተካከል።» በር በግንዛቤ እጥረት ሲከሰስ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። ሐሙስ ልጅቷ ደብዳቤውን ይዛ መጣች።

«ዶክተር፣ ሴንሰሩ የሚያየው እግር ነው። እግር ማዕረግ የለውም።»

«የለውም ያለሽ ማን ነው?» አሉ ዲኑ፣ አዲሱን ጫማቸውን እያዩ።

«እሺ፣ ማንን ላስቀድም? ስም ስጡኝና ዛሬውኑ እጽፈዋለሁ።»

ሦስቱም በእጃቸው «እርስዎ ይናገሩ» ተባባሉ። ስም ለመስጠት መጀመሪያ የሚናገር ሰው ያስፈልጋል። ስብሰባው በመግባባት ተበተነ።

ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንደገና በሩ ፊት ቆምን። ወይዘሮ ማሬ ከታዛው ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው በሩ ሲከፈትና ሲዘጋ አንድ ሰዓት ያህል ተመለከቱ።

«ልጄ፣ እኒህ ሰዎች ከቤታቸውስ እንዴት ብለው ነው የሚገቡት?»

«ዝም በይ እማዬ፣ ይሰሙሻል።»

አሥር ሰዓት ሲሆን ከጉና ተራራ በኩል የመጣው ደመና ሽምብራ የሚያህል በረዶ ለቀቀብን። ከዚያ በኋላ የሆነውን ለመግለጽ የቢሮ አማርኛ አይበቃም። የዲኑ ክርን የመሪጌታን ጥላ ሰበረ፤ የወይዘሮ ብሩክታዊት አንድ ጫማ ጭቃው ውስጥ ቀረ። ማን ቀድሞ እንደገባ ቃለ ጉባኤው አይገልጽም። እኔ ነኝ።

ትንፋሻችን ሲመለስ ግድግዳውን አየን። የማክሰኞና የዓርብ እርምጃችን በሙሉ እዚያ በርቶ ነበር፤ በሬ የዞረበት አውድማ ይመስላል፣ ዙሪያውን ብቻ የተረገጠ። በመሐሉ ወደ ውስጥ የሚገባ አንድ ወፍራም መስመር አለ። ከሥሩ እንዲህ ተጽፏል፦ «ወደ ኋላ፦ ሁለት መቶ አሥራ አራት ጊዜ። ወደ ውስጥ፦ አራት ሰው፣ በአንድ ሰከንድ።»

መሪጌታ እስኪያስላቸው ሳቁ። «ኃጢአታችንን በብርሃን ጻፈችው እኮ!»

«ይጥፋ!» አሉ ዲኑ።

«ጥራቱ ግን እንከን አይወጣለትም» አሉ ወይዘሮ ብሩክታዊት፣ በአንድ እግራቸው ቆመው።

ለአሥራ አንድ ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ዳግማዊት የውጤት ቅጹን በመስኮት አቀበለችን። ሦስት የፊርማ ቦታ አለው፤ አንዱ ከአንዱ በታች። እስክሪብቶው መዞር ጀመረ። «መሪጌታ፣ ይቅደሙ።» «ኧረ ዶክተር!» «እኔማ ከላይ አልፈርምም!»

እዚህ ላይ አልዋሽም፣ ሰዓቴን ደጋግሜ አየሁ። ልጅቷ በመስኮቱ እስክሪብቶውን በዓይኗ ትከተል ነበር። እናቷ ከኋላዋ ቆመው የነጠላቸውን ጫፍ ይነክሳሉ። ዓመት ሊያስጠብቋት ነው፣ ያውም በጨዋነት። እኔም ቃለ ጉባኤዬን መጻፌን ቀጠልኩ፤ አለቆቼ ሳይወስኑ የምናገር ማን ነኝ?

አሥር ደቂቃ ሲቀር ልጅቷ ቅጹን ከእጃችን ነጠቀችው። ኮምፓሷን አውጥታ በጀርባው ላይ ክብ ሣለችና መለሰችልን።

«ዙሪያውን ፈርሙ። ክብ መጀመሪያም መጨረሻም የለውም።»

ሦስቱም በአንድ ትንፋሽ ፈረሙ። ወይዘሮ ማሬ እልልታቸውን አቀለጡት። በረዶውም አባራ።

እኛም በክብር ልንወጣ ወደ በሩ ተጠጋን። በሩ ተከፈተ።

«መሪጌታ፣ ይቅደሙ» አሉ ዲኑ፣ ወደ ኋላ እያሉ።

በሩ ተዘጋ።

ይህን የምጽፈው ቅዳሜ ቀትር ላይ፣ ከዚያችው ክፍል ውስጥ ሆኜ ነው። የምረቃው ዘፈን እስከዚህ ይሰማል። ዲኑ ስለሌሉ ንግግር አልነበረም፤ በኮሌጁ ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ ምረቃው በሰዓቱ ተጀምሮ በሰዓቱ አለቀ ይባላል። ዳግማዊት ጥቁር ጋዋኗን ለብሳ መጥታ በመስኮት እጅ ነሳችን። እናቷም የበጉን ጥብስ በትልቅ ትሪ አቀበሉን፤ እግዜር ይስጣቸው። ትሪው በመካከላችን ተቀምጧል፣ ክብ ነው። እየቀዘቀዘ ነው። ማን ቀድሞ እጁን ይስደድ በሚለው አጀንዳ ላይ ውይይቱ ቀጥሏል።